ታንኩና መንገዱ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚወጣው መንገድ ቡራዩን ካለፈ በኋላ የመናገሻን ተራራ በስተግራ እየተወ ወደ ሆለታ ገነት ይዘልቃል። በስተሰሜን ያለው መንገድ እንጦጦን ወጥቶ በሱሉልታ ሜዳ በኩል ወደ ጎጃም ያቀናል። በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ሰበታን አቋርጦ ወደ ጅማ የሚያልፍ ሌላ መንገድ አለ። እነዚህ ሦስት መንገዶች በቀድሞው የመናገሻ አውራጃ ምድር ላይ የተዘረጉ የዋና ከተማይቱ በሮች ናቸው። እህል፣ ከብትና ማገዶ የገባባቸው፣ ጦርም በየዘመኑ የወጣባቸውና የተመለሰባቸው መንገዶች ናቸው።

የጦርነት ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የጀግናው ስምና የመሣሪያው ዓይነት ነው። መድፉ ስንት ኩንታል እንደሚመዝን፣ ታንኩ ምን ያህል ውፍረት ያለው ብረት እንደ ለበሰ፣ አውሮፕላኑ ምን ያህል እንደሚፈጥን በዝርዝር ይነገራል። መድፉ በምን ተጓጉዞ ከዚያ እንደ ደረሰ፣ ታንኩ ሲሰበር ማን እንደ ጠገነው፣ ነዳጁስ በየትኛው መንገድ እንደ መጣ ግን ከስንት አንድ ጊዜ ካልሆነ በቀር አይወሳም። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያን ያለፉት መቶ ስድሳ ዓመታት ታሪክ በመሐንዲስ ዓይን ለተመለከተው ሰው፣ የብዙ ጦርነቶች ዕጣ የተወሰነው በዚህ ባልተወሳው ክፍል ነው። ታንክ ለዚህ አባባል ከሁሉ የተሻለ ምስክር ይሆናል።

በሐሳብ የተወለደው ተሽከርካሪ

ታንክ በፋብሪካ ከመሠራቱ በፊት በልብ ወለድ ተሠርቶ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1903 ስትራንድ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው አጭር ታሪክ ውስጥ ሁለት ጦሮች ምሽግ ቆፍረው ፊት ለፊት ተፋጠዋል። አንደኛው ወገን የገጠር ሰው ነው፤ ፈረስ መጋለብና ዒላማ መምታት ያውቃል፣ በጉልበቱና በድፍረቱም ይመካል። ሁለተኛው ወገን ከተሜ ነው፤ በጨበጣ ውጊያ እንደማያሸንፍ ስለሚያውቅ ከ24 እስከ 30 ሜትር የሚረዝሙ፣ ብረት የለበሱ፣ ጉድጓድ የሚሻገሩ ተሽከርካሪዎችን ሠርቶ ያመጣል። በውስጣቸው የተቀመጡት ወጣቶች ያለ ፉከራና ያለ ቁጣ፣ በቢሮ እንደሚሠራ ሰው ተረጋግተው ይተኩሳሉ። ታሪኩ የሚያበቃው በድፍረት ላይ የማሽን የበላይነት ሲረጋገጥ ነው።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 5 ቀን 1909 ዓ.ም. እንግሊዞች በፈረንሳይ አገር በሶም ግንባር የመጀመሪያዎቹን ታንኮች አሰለፉ። «ታንክ» የሚለው ስም ራሱ ምሥጢር ለመጠበቅ ሲባል የወጣ ነው፤ የሚሠራው ዕቃ የውሃ ማጠራቀሚያ እንደ ሆነ እንዲታመን ተፈልጎ ነበር። ለዚያ ቀን ከተመደቡት 49 ታንኮች ውስጥ ወደ ውጊያው መነሻ መሥመር የደረሱት 32 ብቻ ናቸው። የቀሩት በየመንገዱ ሞተራቸው ተበላሸ፤ ወይም ጭቃ ያዛቸው። በዌልስ ታሪክ ውስጥ ያልነበረው ጭቃ በእውነተኛው የጦር ሜዳ ላይ ቀድሞ ጠበቃቸው ማለት ነው።

ታንክን በሐሳብ መሥራት ከዚያ ወዲህም አልቀረም። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በሰበታ ወጣቶች በቴሌቪዥን መስኮት ፊት ተቀምጠው ከሚጫወቷቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የመጀመሪያ ክፍሉ የወጣው «ሄሎ» ነው። ይህ ጨዋታ በ26ኛው ክፍለ ዘመን የሚደረግ ጦርነትን የሚያሳይ ሲሆን፣ «ስኮርፒዮን» የተባለ ታንክ አለው። ታንኩ እንደ ተለመደው በሁለት ረጃጅም ሰንሰለት ሳይሆን ለየብቻ በቆሙ አራት የሰንሰለት እግሮች ይሄዳል፤ 90 ሚሊሜትር መድፍ ይሸከማል። ተጫዋቹ ስለ ነዳጅ አያስብም። ሰንሰለቱ አይወልቅበትም፤ ድልድዩ ክብደቱን ይችል እንደ ሆነ አይጠይቅም። ታንኩ ቢገለበጥ እንኳ አንድ ወታደር ብቻውን መልሶ ያቆመዋል። እውነተኛው ታንክ ግን ከጠላት ጋር ከመግጠሙ በፊት ከመሬት ጋር ይገጥማል። የኢትዮጵያ መሬት ደግሞ በዚህ ረገድ ለማንም የማያዳላ መሆኑን ታሪክ ደጋግሞ አሳይቷል።

ሴባስቶፖልና የመቅደላ መንገድ

ታንክ ከመፈልሰፉ ከግማሽ ምእተ ዓመት በፊት፣ ከባድ መሣሪያን በተራራማ አገር የማንቀሳቀስ ፈተና ዐፄ ቴዎድሮስን ገጥሟቸው ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች በአንድነት መድፍ እንዲያቀልጡ አደረጉ። ባለሙያዎቹ በአብዛኛው ለወንጌል ስብከት የመጡ፣ መድፍ ማቅለጥን አስቀድመው ያልተማሩ ሰዎች ነበሩ። ከብዙ ሙከራና ውድቀት በኋላ ከሠሯቸው መድፎች ሁሉ ትልቁ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው።

ሴባስቶፖል ከጋፋት ወደ መቅደላ ያደረገው ጉዞ የተጀመረው በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ሲሆን፣ መቅደላ የተደረሰው በመጋቢት ወር ነው። በመካከሉ የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ነበሩ። መድፉን በሠረገላ ጭኖ ገደሉን ለማውረድና መልሶ ለማውጣት ዐለት መፈንቀል፣ ቁልቁለቱን በጠመዝማዛ መቁረጥ፣ ጎኑን በድንጋይ መካብ አስፈለገ። በዐይናቸው ያዩ የውጭ አገር ሰዎች እንደ መሰከሩት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ፣ መንገድ ይጠርጉ ነበር። ግማሽ ዓመት የፈጀው ሥራ በዘመኑ በአገሪቱ ከተከናወኑት የመንገድ ሥራዎች ሁሉ ታላቁ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፍጻሜው ይታወቃል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ከጋፋት የመጡት መድፎች የእንግሊዝን ጦር አላቆሙትም። በሦስተኛው ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የጄኔራል ናፒየር ጦር የጅዳን ሸለቆ የተሻገረው ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ባስጠረጉት መንገድ ነበር። መድፉ ለባለቤቱ ድል ሳያመጣ ቀረ፤ መንገዱ ግን ለመጣው ሁሉ አገለገለ። መንገድ ወዳጅና ጠላት አይለይምና፣ የሠራው ሰው ሊጠብቀው የሚገባ ሀብት መሆኑን ይህ አጋጣሚ ቀድሞ አስተምሯል።

የሰርኪስ ባቡርና ሆለታ ገነት

ከመቅደላ በኋላ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ የመጀመሪያው ከባድ ተሽከርካሪ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ይኸውም አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ለዐፄ ምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ነው። በራሱ ኃይል ይሄዳል ቢባልም እስከ ዋና ከተማይቱ ያለውን አቀበት የተወጣው በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ ነበር። መንገድ ለመሥራት የመጣው ማሽን ለራሱ መምጫ መንገድ አጥቶ በሰው ትከሻ መጣ ማለት ነው። «የሰርኪስ ባቡር» የሚለው ስም በሕዝብ አንደበት ጸንቶ የቀረው ያ ግዙፍ ብረት ባሳደረው አድናቆት ምክንያት ነው።

በዚያው ዘመን ከአዲስ አበባ በሆለታ በኩል ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው የሠረገላ መንገድ ተሠራ። ይህ መንገድ በአገሪቱ ዘመናዊ ከተባሉት መንገዶች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሲሆን፣ ዛሬ ከቡራዩ ወደ ሆለታ የሚሄደው መንገድ የእርሱ ወራሽ ነው። ሆለታ ገነት ላይ የነበረው የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት ሆነ። በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን በዘመናዊ የጦር ሥልት ማሠልጠን ጀመሩ። ጊዜው አጭር ነበር። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ዓመት ሳይሞላው የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ።

ኢትዮጵያ በዚያ ጊዜ ታንክን ፈጽሞ ሳታየው አልቀረችም። ፊያት 3000 የተባለውን፣ ከፈረንሳዩ ሬኖ ታንክ የተቀዳውን ቀላል ታንክ በጥቂት ቁጥር አግኝታ ነበር። የሚያስደንቀው፣ እነዚህ የመጀመሪያ ታንኮች የተገኙት ከኢጣልያ ከራሷ መሆኑ ነው። ነገር ግን ጥቂት ታንክ ያለ ጠጋኝ፣ ያለ መለዋወጫና ያለ ሠልጣኝ ለሰልፍ ካልሆነ በቀር ለጦርነት የሚበቃ ኃይል አልሆነም።

ደምበጊና

ኢጣልያ ወደ ኢትዮጵያ ያዘመተችው ዋነኛ ታንክ ፊያትና አንሳልዶ የተባሉት ፋብሪካዎች በኅብረት የሠሩት ሲ ቪ 33 እና ተከታዩ ሲ ቪ 35 ነበር። ክብደቱ 3.2 ቶን ገደማ፣ ሞተሩ ባለ 43 የፈረስ ጉልበት፣ ሠራተኞቹ ሁለት ናቸው። በጥሩ መንገድ ላይ በሰዓት እስከ 42 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የፊቱ ብረት ውፍረት 14 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ የጎኑና የጀርባው ከዚያ ይሳሳል። ቁመቱ ከሰው ደረት እምብዛም አይበልጥም።

የዚህ ተሽከርካሪ ትልቁ ጉድለት የሚዞር ራስ የሌለው መሆኑ ነው። መትረየሶቹ በፊቱ በኩል የተተከሉ ስለ ሆኑ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚንቀሳቀሱት በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። በጎኑ የቆመውን ሰው ለመምታት ታንኩ በሙሉ መዞር አለበት፤ ለመዞር ደግሞ ሜዳ ያስፈልገዋል። በሰሜን አፍሪካ በረሃ ወይም በኢጣልያ የሰልፍ አደባባይ ይህ ጉድለት ጎልቶ አይታይም። በሽሬ ተራሮች መካከል ግን የሕይወትና የሞት ጥያቄ ሆነ።

በኅዳርና በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊታቸውን ይዘው በአውሮፕላን እየተደበደቡ ወደ ተከዜ ገሠገሡ። የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦርም በዚያው ግንባር ነበር። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ግንባር ቀደሞቹ ወታደሮች ተከዜን በማይ ጥምቀት መሻገሪያ ተሻገሩ። በዚያ የነበረው፣ በሻለቃ ክሪኒቲ የሚመራው የኢጣልያ ክፍል ኤርትራውያን ወታደሮችንና ጥቂት ታንኮችን የያዘ ነበር። ይህ ክፍል ወደ ኋላው ወደ ደምበጊና መተላለፊያ ሲያፈገፍግ መተላለፊያው በኢትዮጵያውያን ተይዞ ጠበቀው።

ክሪኒቲ መንገዱን ለማስከፈት ታንኮቹን አስቀደመ። በመጀመሪያ መትረየሱ ብዙ ሰው አረገፈ፤ የቀረውም ለጊዜው ተበታተነ። ይሁን እንጂ ታንኮቹ በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ወደ ዐለቱ በቀረቡ ቁጥር መዞሪያ አጡ። ወታደሮቹም የመትረየሱ አፈ ሙዝ ወደ ጎን እንደማይዞር ተረዱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ከውጊያ ይልቅ ማሽን እንደ መፍታት ያለ ሥራ ነበር። አንዳንዱ በጎንና በጀርባ ተጠግቶ ከላዩ ወጣ፤ አንዳንዱ በሰንሰለቱ መካከል ድንጋይና እንጨት ቀረቀረ። ብዙዎች በአንድነት ሆነው አንሥተው የገለበጡትም ነበር። ሦስት ቶን ከመቶ ኪሎ ብዙ ይበልጣል፤ ግን ሃያና ሠላሳ ሰው ከአንድ ጎን ሲያነሣው የማይገለበጥ ክብደት አይደለም። ይህን ሒሳብ ያገኙት ሰዎች ስለ ታንክ ያነበቡት መጽሐፍ አልነበራቸውም። ከዐይናቸው ሌላ መሣሪያ ሳይኖራቸው የአንድን ማሽን ደካማ ጎን በጥቂት ሰዓት ውስጥ አጥንተው ጨረሱ።

ከእንዳ ሥላሴ ለርዳታ የተላከው ታንኮችና ካሚዮኖች ያሉበት ሌላ ክፍል ደግሞ የባሰ ነገር ገጠመው። ኢትዮጵያውያኑ ከተራራው ላይ ቋጥኝ እየናዱ መንገዱን በፊትና በኋላ ዘጉበት። ከመንገድ ለመውጣት የሞከሩት ታንኮች ቁልቁል ተንሸራተቱ፤ ሌሎቹ በእሳት ተቃጠሉ። የዌልስ ልብ ወለድ በደምበጊና ተገለበጠ፤ የገጠሩ ሰው ማሽኑን አሸነፈ። ከላይ የተጠቀሰው የቪዲዮ ጨዋታ ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣው ሁለተኛ ክፍሉ፣ ተዋጊው በጠላት ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ቦምብ እንዲከትበት ፈቅዷል። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ደምበጊናን ሰምተው ይሁን ወይም ሳይሰሙ፣ ታንክ ያለ አጃቢ እግረኛ ዕውር መሆኑን ከመቀበል አላመለጡም።

ከደምበጊና በኋላ የራስ እምሩ ጦር ወደ አክሱም አቅጣጫ ያንዣብብ ጀመር። የማርሻል ባዶሊዮ መልስ ተጨማሪ ታንክ አልነበረም። ከጥቂት ቀናት በኋላ አውሮፕላኖች በተከዜ ዳርቻ የመርዝ ጋዝ የያዙ ዕቃዎችን ጣሉ። ታንክን በእጁ የገለበጠ ሰው የሚገለብጠው ነገር በሌለበት መሣሪያ ቆዳው ተቃጠለ፤ ዐይኑ ጠፋ። መርዙ በዓለም አቀፍ ውል የተከለከለ መሆኑን ኢጣልያ ራሷ ፈርማ ነበር።

ጣርማ በር

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ ደሴን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ለመዝመት ተነሣ። በሚያዝያ ወር አጋማሽ የተንቀሳቀሰው ይህ ጦር ከ1,600 በላይ ተሽከርካሪዎች ነበሩት። ከእነዚህ አብዛኞቹ ካሚዮኖች ናቸው። የኢጣልያ ጋዜጦች «የብረት ፈቃድ ጉዞ» የሚል የጀግንነት ስም ቢያወጡለትም፣ ጉዞው በይዘቱ አንድ ትልቅ የማመላለሻና የመንገድ ጥገና ሥራ ነበር። ከጦሩ ጋር አብረው የሚሄዱ ሠራተኞች በበልግ ዝናብ የላሸቀውን መንገድ ድንጋይ እየሞሉ ካሚዮኖቹን ይገፉ ነበር።

በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው ጣርማ በር ነው። ከመናገሻ አውራጃ ሆለታ ገነት የወጡት የጦር ትምህርት ቤቱ ዕጩ መኮንኖች ከካፒቴን ታም ጋር ሆነው እንዲከላከሉ የተላኩት ወደዚህ ስፍራ ነበር። ዕድሜያቸው ለጋ፣ ሥልጠናቸው ያልተጠናቀቀ ወጣቶች ናቸው። የመጣባቸውን ብዛት ፊት ለፊት ተዋግተው እንደማይመልሱት ግልጽ ነበር። ሊያደርጉት የሚችሉት መንገዱን መጉዳት ነበር፤ መንገዱም ፈረሰ። ያ የብረት ጎርፍ በታንክ ወይም በመድፍ ሳይሆን በተናደ የመንገድ ቁራጭ ፊት ቆመ። የኢጣልያ መሐንዲሶችና ሠራተኞች ክፍተቱን እስኪደፍኑ ድረስ ካሚዮኖቹ በተራራው ላይ ተሰልፈው ጠበቁ።

ያ መዘግየት የጦርነቱን ውጤት አልለወጠውም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። ሆኖም ከሆለታ ዕጩ መኮንኖች መካከል በርካቶቹ ወደ ምዕራብ ተጉዘው በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ትግላቸውን ቀጠሉ። ወራሪው በበኩሉ ከጣርማ በር ትምህርት ቀስሞ ነበርና፣ በአምስቱ የወረራ ዓመታት ተራራውን በሥሩ በስቶ ዋሻ አወጣበት። የዚያ ዋሻ ሥራ ዓላማ የኢትዮጵያን ሕዝብ ለማገልገል አልነበረም። ዳሩ ግን የመቅደላው መንገድ ለናፒየር እንዳገለገለ ሁሉ፣ ዋሻውም ከነጻነት በኋላ ለወሎና ለትግራይ መንገደኛ ሲያገለግል ኖሯል።

ስለዚህ የ1928ቱን ጦርነት ማን አሸነፈው ለሚለው ጥያቄ የመሐንዲሱ መልስ ከወታደሩ ይለያል። የኢጣልያ ታንክ በደምበጊና ተሸንፏል። ያሸነፈው ከምጽዋ ወደብ ጀምሮ ከጦሩ በስተኋላ እየተሠራ የተከተለው መንገድ፣ በመንገዱ ላይ የተመላለሰው ካሚዮን፣ ካሚዮኑን የሚጠግነው ጋራዥ፣ ከሰማይም የወረደው መርዝ ነው። ኢትዮጵያ የጎደላት ድፍረት ወይም ብልሃት አልነበረም። ራስ እምሩ ለተዋጊዎቻቸው ጥይትና ስንቅ በጊዜ ለማድረስ የሚያስችል አንድ የካሚዮን መንገድ እንኳ አልነበራቸውም።

ካራማራ

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ከዚህ ጉድለት የተማረ መሰለ። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ ብድር ተገኘ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከአሜሪካ ጋር በ1945 ዓ.ም. ከተፈረመው ወታደራዊ ስምምነት በኋላ ደግሞ እንደ ኤም 41 ያሉ ታንኮች መጡ። ኤም 41 ከ23 ቶን በላይ የሚመዝን ሲሆን፣ እርሱን የሚሸከም ድልድይና የሚያድስ ወርክሾፕ ማስፈለጉ አልቀረም።

የሶማልያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ክረምት ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ ዋነኛ ኃይሉ በሶቪየት ታንኮች የተደራጀ ነበር። ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት የአሜሪካን የመሣሪያ ርዳታ አጥታ ስለ ነበር ታንኮቿ ካሉበት የመለዋወጫ ምንጭ ተቆረጡ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ በጠላት እጅ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ከሶቪየት ኅብረት በብዛት የመጡት ቲ 55 ታንኮች ክፍተቱን ቢሞሉም፣ ለመካኒኩ አዲስ ፈተና ይዘው ነበር። ለአሜሪካ ታንክ የተዘጋጀ የኢንች መፍቻ ለሶቪየት ታንክ የሚሊሜትር ቡሎን አይሆንም። ከ36 ቶን ታንክ ሥር ተኝቶ ሌት ተቀን የሠራው መካኒክ አዲስ የመለኪያ ሥርዓት፣ አዲስ ሞተርና አዲስ ቋንቋ በጥቂት ወራት ውስጥ መልመድ ነበረበት።

ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የካራማራ ተራራ መተላለፊያ ፊት ለፊት ቢጠቃ ሌላ ደምበጊና ሊሆን ይችል ነበር። የኢትዮጵያና የኩባ ጦር ይህን ስለ ተገነዘበ ዋናውን ኃይል በስተሰሜን በኩል አዙሮ ላከ። ሚ 6 የተባሉት ትላልቅ ሄሊኮፕተሮችም ቀላል የጦር ተሽከርካሪዎችን ተሸክመው ከተራራው ማዶ አሳረፉ። ከጀርባው የተከበበው የጠላት ጦር መያዣ አጣ፤ ጅጅጋም የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። የዚያ ድል ዋጋ በብዙ ሰው ደም የተከፈለ መሆኑ አይረሳም። የድሉ ሥልት ግን የተመሠረተው ማሽኑ የሚችለውንና መሬቱ የሚከለክለውን አስቀድሞ በማወቅ ላይ ነበር።

የማይታየው ሥራ

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ። በአዲስ አበባም በቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያው ቆሟል፤ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። መድፉ ይሄድ ዘንድ የጅዳን ገደል በእጃቸው የቆረጡት ሰዎች ስም ግን በአንድ ድንጋይ ላይ እንኳ አልተጻፈም። የጣርማ በርን መንገድ ያፈረሱት፣ ኋላም የጠገኑት፣ በካራማራ ዘመቻ ጊዜ ከታንክ ሥር ተኝተው ያደሩት መካኒኮች ዕጣም ከዚህ አይለይም።

ይህ የመታሰቢያ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ቅሬታ ሆኖ ባለፈ ነበር። ከባዱ ነገር፣ የተረሳ ሥራ በበጀትም ይረሳል። አገር ታንክ በገዛችበት ቀን የሚታየው ታንኩ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ታንኩ ይንቀሳቀስ እንደ ሆነ የሚወስነው ግን ያን ቀን ማንም ያልጠየቀው የመለዋወጫ ዝርዝር፣ የድልድዩ የመሸከም አቅምና የሠለጠነው የጥገና ሠራተኛ ቁጥር ነው። ትራክተር፣ ጄኔሬተር፣ የሆስፒታል ማሽንና የፋብሪካ ተርባይንም በዚሁ ሕግ ይተዳደራሉ። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ቆሞ ሣር የበቀለበት፣ አንድ ዕቃ ብቻ የጎደለው ማሽን ለማኅበሩ አባላት እንግዳ ትዕይንት አይደለም። በ1920ዎቹ የመጡት ጥቂት የፊያት ታንኮች የገጠማቸው ዕጣ ይኸው ነበር።

ከቡራዩ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ላይ ዛሬ ሲሚንቶና አበባ የጫኑ መኪናዎች ይተላለፋሉ። መንገዱ የሰርኪስ ባቡር ዘመን ወራሽ፣ ወደ ጣርማ በር የወጡት የሆለታ ዕጩ መኮንኖችም መነሻ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የጎርፍ መውረጃው ይደፈናል፤ ትከሻው ይሸረሸራል። አካፋ የያዙ ሠራተኞች ከመኪናው ዳር ቆመው ቦዩን ሲጠርጉ ይታያሉ። የእነርሱ ሥራ በጦርነት ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም፤ ያለ እርሱ ግን በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ባልሆነ ነበር።